ድመቷ ምን አለች?

«ያለ ትርጉም ሸጥክልኝ እኮ!» አለ ሰውዬው፣ ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርጎ።

«ትርጉም አያስፈልገውም» አለ ፊልም ጫኙ ልጅ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

«ለምን አያስፈልገውም? የፈረንጅ አይደለም?»

«የፈረንጅ ነው፤ ግን እንስሳቱ አይናገሩም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል የለችበትም።»

ሰውዬው ከደንቢያ ለገበያ የመጣ ነው። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አደረገና «የማይናገር እንስሳማ ደጄ ላይ ታስሮልኛል» አለ። «በሬም አለኝ፣ አህያም አለችኝ። እነሱን በነፃ አያለሁ። ብሬን መልስ።»

ክርክሩ ጎንደር ፒያሳ ላይ ነውና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ መጣ፤ የባጃጅ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አወጣ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ፦ «ምስሉን አይቷል፤ ቃሉን አልሰማም። እኩሌታውን ይመልስለት።» ልጁ ብር ከማውጣት ብሎ ትርጉም ያለው የህንድ ፊልም በምራቂ ጫነለትና ጠቡ በረደ። ወሬው ግን አልበረደም። ሳምንት ሳይሞላ ፒያሳ ውስጥ ስለ ድመቷ አስተያየት የሌለው ሰው ጠፋ። ፊልሙን ያላዩትማ ከሁሉም የጠነከረ አስተያየት ነበራቸው።

ፊልሙ «ፍሎው» ይባላል። የሠራው ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሚባል ላትቪያዊ ነው፤ በፈረንጆች 1994፣ ማለት «ላየን ኪንግ» በወጣበት ዓመት የተወለደ። ታሪኩ ይኸው ነው፦ ሰው ጥሎት በሄደ አገር ብቻዋን የምትኖር ግራጫ ድመት አለች። ጎርፍ ይመጣል። ድመቷ አንዲት ጀልባ ላይ ትወጣለች፤ እዚያም ካፒባራ፣ ሌመር፣ ውሻና እግረ ረጅም ወፍ እየተጨመሩ አብረው ይሰደዳሉ። ጎርፉ ከየት እንደመጣ፣ ሰዉ የት እንደገባ የሚነግረን የለም። 85 ደቂቃ ሙሉ ሚያው፣ ሃው፣ ኩር ከማለት በቀር ማንም ማንንም አያነጋግርም።

ወጪው ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ገደማ ነው። ይህ ለእኔና ለአንተ ብዙ ነው፤ በዚያው ዓመት ለኦስካር አብሮት ለታጨው «ኢንሳይድ አውት 2» የወጣው ግን 200 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሥዕሉ የተሠራው ብሌንደር በሚባል፣ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር ነው። ፊልም ጫኙ ልጅ ይህን ከሰማ ወዲህ አረማመዱ ተቀይሯል። «ያ ሶፍትዌር እኮ የእኔም ኮምፒውተር ላይ አለ» ይላል፤ ስለ ዋልያ አንድ ነገር እንደሚሠራም ይዝታል። እስካሁን የሠራው የዋልያውን ቀንድ ነው፤ ቀንዱስ ጥሩ ነው።

ፊልሙ ኦስካር የተሸለመው የፈረንጆቹ ማርች 2 ቀን 2025 ማታ ነው፤ በእኛ የካቲት 23 ቀን 2017፣ የዓድዋ ዕለት። ሰዓቱን ቆጥረን እኛ ጋ የካቲት 24 ሊነጋ እንደነበር ብናስረዳም የሰማን የለም። ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት አገር እነዲስኒን በዓድዋ ቀን አሸነፈች ከተባለ በኋላ ፒያሳ ላይ ሰዓት የሚቆጥር አይገኝም። የባጃጅ ሾፌሩ የላትቪያን ባንዲራ ከየት እንደሚያገኝ ሲያጠያይቅ ሰነበተ።

ወደ ደንቢያው ሰውዬ ልመለስና፣ የጠየቀው ተራ ነገር አልነበረም። እኛ አገር እንስሳ አፉን ሳይፈታ ተረት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መናገር ብቻም አይደለም፣ ማዕረግ አለው፤ ጅቡ አያ ጅቦ፣ ጦጣይቱ እመት ጦጢት ናት። ይማማላሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ሽማግሌ ይላላካሉ፣ ድግስ ይጠራራሉ፣ ከድግሱ ላይም ይበላላሉ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ አራት ዐሥርት ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ዝም ያለ እንስሳ ሲያመጡ ትዝ አይለኝም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችው ቀጭኔም ብትሆን ፊደል ስታስቆጥር ነው ያደገችው። በዚህ ያደገ ሕዝብ ፊት አንዲት ድመት መጥታ ዝም ብትል፣ ኩራት ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

እኔ ፊልሙን ያየሁት እትዬ ጋ ነው። የጀበና ቡና ቤታቸው ጣሊያን በሠራው፣ ማዕዘኑ ክብ በሆነው ፎቅ በረንዳ ሥር ናት፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ጃንተከል ዋርካን ማየት ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ለኳስ የተገዛ ነው፤ የሪሞቱ ላስቲክ እስካሁን አልወጣለትም። ኳስ በሌለበት ቀን ፍላሽ ይሰካበታል። ኔትወርኩ ባኮረፈ ጊዜ ሁሉ ከተማውን የሚያዝናናው ይኸው ፍላሽ ነው። ያን ዕለት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ፊልም ጫኙ ልጅ፣ ሊስትሮው፣ የባጃጁ ሾፌር፣ ከደባርቅ የመጣ የስሜን ተራራ አስጎብኚ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሊጠጡ የገቡት የኔታ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጋሼ። ጋሼ የቀድሞ የመተማ መንገድ ሹፌር ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ወንበር ይዘዋል።

ጎርፉ መጣ። የፊልሙ ጎርፍ በእውነት ያስደነግጣል፤ መጀመሪያ አጋዘኖቹ በፍርሃት ሲጋልቡ ያልፋሉ፣ ከኋላቸው ውሃው ዛፉን እየገነደሰ ይደርሳል። የፈረንጅ ተመልካች እዚህ ላይ ትንፋሹን ይዋጣል። እትዬ ረከቦታቸውን ትተው ተነሡ።

«አቤት ውሃ! አቤት ውሃ!»

ይህን የሚሉት ቢጫ ጀሪካኖቻቸው በሩ ሥር ተደርድረው ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ሳምንት ደግሞ ፈረቃው እኛን ዘሎናል።

«ያ ሁሉ ሲፈስ ባልዲ የሚደቅን አንድ ሰው የለም?»

«ሰው የለማ፣ እትዬ» አለ ፊልም ጫኙ። «ሰዉ ሁሉ ጠፍቷል። ለምን እንደጠፋ አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም! ውሃ በመጣ ሰዓት ቤቱ ያልተገኘ ምኑን ሰው ሆነ?»

በቃ፤ የፊልሙ ትልቅ ምሥጢር በአንድ ስኒ ቡና ተፈታ። ከዚያ በኋላ ውሃው ኮረብታውን ሲውጥ የሚያዝን አልነበረም። «አንገረብ ቢመጣ እንዲህ!» አለ አንዱ በምኞት። ድመቷ ውሃ ስትፈራ ያየው የባጃጅ ሾፌርም «ይቺ የጠገበች ናት» ብሎ ፈረደባት።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ የካፒባራው ነው። ጀልባዋ ላይ ተጋድሞ ሲታይ ቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ «ሽኮኮ!» አለ። ስሜን ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምናውቀው ሽኮኮ፣ ደልቦ። የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ዝም ብሎ ማሳለፍ አልቻለም። ካፒባራ መሆኑን፣ አገሩ ደቡብ አሜሪካ መሆኑን፣ ዘሩም ከአይጥ ወገን እንደሆነና ከዓለም አይጦች ሁሉ ትልቁ እሱ መሆኑን ተናገረ። «50 ኪሎ የሚመዝን አለ» ሲል እትዬ አማተቡ። ዓይናቸው ጓዳ ወዳለችው የጤፍ ኬሻ ሄደ፤ እሷም 50 ኪሎ ናት።

«አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ሲባል ሰምተን ነበር» አለ ሊስትሮው። «እዚህስ ማን ነው ለሞቱ የሚያሸተው?»

ሐኪሙ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ክብሩ በተጠበቀ። እሱ ግን ሽኮኮ ራሱ ከአይጥ እንደማይዛመድ፣ የቅርብ ዘመዱ ዝሆን እንደሆነ ጨመረበት። እውነቱን ነው። ቤቱ ግን በሳቅ ፈረሰ። «ዝሆን!» እያለ የባጃጁ ሾፌር ጭኑን መታ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ እንደ ቀልድ ይሰማ ጀመር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመጣበታለሁ።

ፊልሙ ሩቡ ላይ ሲደርስ ዝምታው ለሊስትሮው ከበደው። ትርጉም ፊልም ሲያይ ያደገ ልጅ ነው፤ አንድ ተራኪ የወንዱንም የሴቱንም የሽማግሌውንም ድምፅ ብቻውን ሲያወጣ እየሰማ። ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመና ይተረጉም ገባ። ካፒባራውን ሌሊት የሚያንቀላፋ ዘበኛ አደረገው፤ ሁሉም ሲጯጯህ «ተዉ እናንተ፣ ይነጋል» ብቻ ይላል። ሌመሩን፣ ያገኘውን ጠርሙስና መስታወት ሁሉ ቅርጫት ውስጥ የሚያጭቀውን፣ ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ አሸጠው፦ «ንካው፣ ኦርጂናል ነው! ለአንቺ ስለሆነ ነው!» ውሻው ወታደር ሆነ፤ ማንም ዞር ባለ ቁጥር «አቤት ጌታዬ!» ይላል። መሪዋን በእግሩ የሚይዘው ወፍ የአዘዞ ሚኒባስ ሾፌር ሆነ፤ ጀልባዋ በተዘነበለች ቁጥር «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ትርጉሞች ይህ ይሻላል። ቢያንስ አፍና ድምፅ አልተጣላም።

ድመቷን ግን አቃተው። ድመቷ ዓይኗን አፍጥጣ ስታይ ምን እንደምትል እንኳን ሊስትሮው እኛም አልተስማማንም። እትዬ «የእናቷን ቤት እያሰበች ነው» አሉ። የባጃጁ ሾፌር «ዓሣውን ማን እንደበላባት እየቆጠረች ነው» አለ። የኔታ «ድመት መነኮሰች፣ አመሏንም አልረሳች» ብለው ሳቁ። ከውጭ እየዘገየ የሚገባው ሁሉ ገና ወንበር ሳይዝ «ድመቷ ምን አለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ በጠየቀ ቁጥርም ሦስት አራት መልስ ይመጣለታል፣ መልስ ሰጪዎቹም እርስ በርስ ይጣላሉ።

የእትዬ ቅሬታ ሌላ ነበር። «ጅብ የታለ?» አሉ። ጅብ የሌለበት የእንስሳ ተረት እሳቸው ዘንድ በርበሬ የሌለበት ወጥ ነው። ማን ይታለል? ማን ሆዱን ይዞ ይሂድ? እመት ጦጢትስ ማን ላይ ብልጠቷን ታሳይ? «ላየን ኪንግ ላይ ጅብ አለ፣ እትዬ» ሲባሉ ፊታቸውን አጨፈገጉ። አይተውታል። እዚያ ያሉት ጅቦች ይስቃሉ፣ በዋሻ ተሰብስበው ያሴራሉ፣ ኋላም ከወንበዴው አንበሳ ጋር ሆነው አገር ያስተዳድራሉ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉ እትዬ፤ «አነጠፉለት ማለት ነው።»

አንበሳ ሲነሣ ደግሞ ጋሼን ማንም አይቀድማቸውም። ከዚህ በረንዳ ብዙ ሳይርቅ፣ ከፋሲል ግቢ አጥር ውስጥ፣ የአንበሶች ቤት አለ፤ አሁን ባዶውን ነው፣ አስጎብኚዎች ለእንግዳ የሚያሳዩት። የዕድሜ ባለጸጎች ግን አንበሳ ሲያገሳበት ደርሰዋል። «ላየን ኪንግ የሚሉት ላይ አንበሳው ይዘፍናል» አሉ ጋሼ በንቀት። «እዚህ ሲያገሳ በቅሎ እግሯ ይታሰር ነበር። ያ ነው አንበሳ። ዘፋኙ ሌላ ነው።»

የኔታ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ነው ያዩት። አንዴ ብቻ፣ ድመቷ ዓሣ ስትበላ፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር አንዱ «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም?» ብሎ ጠይቆ ቤቱን ሊያፈርሰው ሲል «ድመት አልተጠመቀችም» ብለው ዘጉት። ጀልባዋ ግን እረፍት ነሣቻቸው። ጎርፍ አለ፣ መርከብ አለ፣ ከየወገኑ እንስሳ አለ። «ኖኅ የት አለ?»

«ሰው የለበትም፣ የኔታ።»

«ኖኅ ከሌለ በሩን ማን ዘጋው? ማን ከፈተው? ማን መገበ?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ይህ ቅኔ ነው። ሰሙ ጎርፍ ነው። ወርቁን ግን የሠራውም ልጅ ገና የሚያውቀው አይመስለኝም።»

እኔ የኔታን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ልጁ ወርቅ ሊያስቀምጥ የፈለገ አይመስለኝም። ድመቷ ድመት ናት። ትፈራለች፣ ትራባለች፣ ትጫወታለች፤ የሌመሩ ጭራ ሲወዛወዝ በጥፍሯ ትይዛለች። ገና በፈረንጅ 2012 ውሃ ስለምትፈራ ድመት አጭር ፊልም ሠርቷል፤ መነሻውም ራሱ ያሳደጋት ድመት ናት። ነገሩ ከዚያ የጀመረ ነው። ግን የጎንደርን የቅኔ መምህር «ድመት ድመት ብቻ ናት» ብሎ ማሳመን፣ እሱ ሌላ ጎርፍ ይፈልጋል።

ወፉ ላይ ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ወፉና ድመቷ ከረጃጅም የድንጋይ ዓምዶች መካከል ይቆማሉ፤ ብርሃን ይወርዳል፣ ሁለቱም ከመሬት ይነሣሉ። ድመቷ ትመለሳለች፤ ወፉ እንደወጣ ይቀራል።

«ተነጠቀ!» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«የተነጠቁት ሄኖክና ኤልያስ ናቸው» አሉ የኔታ። «ወፍማ በረረ ነው የሚባል።»

«አልበረረም እኮ የኔታ፣ ክንፉን አላንቀሳቀሰም!»

«የኖኅም ቁራ ሄዶ ቀርቷል። የቁራ መልእክተኛ ሲባል አልሰማችሁም?»

የፊልሙ ወፍ ባዕድ አለመሆኑን የነገረን ሐኪሙ ነው፤ በሜዳማው አፍሪካ ይኖራል፣ አዋሽ ፓርክም ይታያል፣ እባብ በእግሩ ረግጦ ይገድላል። ስለ ዝሆኑ የሳቀበት ቤት ግን ይህንንም አላመነውም።

ከሁሉ በፊት የተነሣው ጥያቄ ግን «ይህ ይሆናል ወይ?» የሚለው ነው። ድመት ከውሻ፣ ውሻ ከአይጥ አንድ ጀልባ ላይ? «ተረት ነው» ብለው አብዛኞቹ ሲያልፉት አስጎብኚው አላለፈውም። እንግዳ ስለቀነሰ ቀኑን ፒያሳ ነው የሚያሳልፈው፤ ለማስረዳት ያለው ጉጉት ተጠራቅሞበታል። መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮን ሲከታተሉ ያገኙትን ነገረን። ጭላዳዎቹ በመቶዎች ሆነው ሣር ይግጣሉ፤ ቀበሮው መካከላቸው ገብቶ ቀስ እያለ ይራመዳል። ግልገላቸውን አይነካም፤ እነሱም አይሸሹትም። የሚያድነው አይጥ ነው። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ የሚቀናው አንዴ ያህል ሲሆን፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይቀናዋል።

«ለምን አይበላቸውም?» አለ የባጃጁ ሾፌር።

«አንድ ግልገል ቢነካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያባርሩታል፤ የአይጡ ገበያ ይዘጋበታል።»

«አሃ» አለ ሾፌሩ፣ በጣም ገብቶት። «ጥቅም ነው።»

እኔ ይህን የጓሳ ነገር ከሰማሁ ወዲህ የፊልሙ ጀልባ ላይ ፍቅር አለ የሚሉትን ተመልካቾች በጥርጣሬ ነው የማየው። ድመቷ ዓሣ ታጠምዳለች፣ ሌሎቹ ይበላሉ፤ ወፉ ይነዳል፤ ካፒባራው ሲንሳፈፍ ይረዳል። ሌመሩ ምን እንደሚሠራ ብቻ አላወቅሁም። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይኖራል።

አሁን ወደ ጋሼ። ፊልሙ አጋማሽ ላይ፣ ካፒባራው በጀርባው ተንጋሎ ሲያጉረመርም፣ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አቁመው እስቲ። መልሰው።»

ልጁ መለሰው። ካፒባራው እንደገና አጉረመረመ።

«ይሄ የግመል ግልገል ነው።»

ሳቁ ከዝሆኑ ጊዜ ባሰ። ሊስትሮው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ እንኳ፣ በተራው የሚስቅበት ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ ካፒባራ በተፈጥሮው ሲያፏጭና ሲጮኽ እንዴት እንደሆነ በትሕትና ሊያስረዳ ሞከረ። ጋሼ አልተበገሩም።

«መልኩ የፈለገውን ይሁን። ድምፁ የግመል ግልገል ነው። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ግመል ጭኜ ስሄድ ከኋላዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስብኝ ያደረ ድምፅ ይጠፋኛል? እናቱ ወዲህ ታስራ፣ እሱ ወዲያ፣ እንዲህ እያለ…» ብለው ጉሮሯቸውን ዝቅ አድርገው አሰሙት። ከአፍንጫ የሚጀምር፣ ሆድ ድረስ ወርዶ ተንቀጥቅጦ የሚመለስ ድምፅ ነው። በረንዳው ላይ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ታለቅስ የነበረች ሕፃን ጸጥ አለች።

ከዚያ በኋላ ጋሼ መከራቸውን አዩ። በግ ሲጮኽ «ጋሼ፣ ይሄስ ግመል ነው?»፤ አህያ ሲያናፋ «ጋሼ፣ ግልገል ነው ወይስ እናቱ?»፤ ባጃጅ አልነሣ ሲል ደግሞ ሾፌሩ ራሱ ይጠራቸዋል። እሳቸው ጋዜጣቸውን ገልበጥ አድርገው ማንበብ ነው።

ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ሐኪሙ ስልኩን እንደያዘ ገባ። ፊቱ ልክ አልነበረም። የፊልሙ ሰዎች የተናገሩትን አንብቧል። ለእንስሳቱ ሁሉ እውነተኛ የእንስሳ ድምፅ ነው የተጠቀሙት። ለካፒባራውም መቅረጫ ይዘው ካፒባራ ዘንድ ሄዱ፤ እንስሳው ዝም አለ። ጠባቂው ሲኮረኩረው ድምፅ ሰጠ፤ ግን ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር። ለዚያ እርጋታ፣ ለዚያ ገላ አልሆን አለ። ሌላ እንስሳ ሲያፈላልጉ ቆዩና…

«በላ» አሉ ጋሼ፣ ጋዜጣውን ሳያወርዱ።

«የግመል ግልገል» አለ ሐኪሙ።

ስንት ሺህ ተመልካች፣ ከካን ፌስቲቫል አዳራሽ እስከ ሆሊውድ ድረስ፣ ያን ድምፅ የካፒባራ ነው ብሎ ሳይጠረጥር አልፎታል። ላትቪያ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አይቶታል፤ በአገሪቱ ታሪክ ይህን ያህል የታየ ፊልም የለም። ሰዉ ተሰልፎ ሽልማቱን ሙዚየም ድረስ ሄዶ ጎብኝቷል። ግን ግመል አሳድገው አያውቁማ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የፊልም ሂስ አልሰማሁም። ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቡናዬን ማን ነው የሚከፍል?» ሊስትሮው የሳምንት ከፈለ።

አንድ ጉዳይ ብቻ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። መጨረሻው ላይ ውሃው ይጎድልና፣ በየጊዜው ድመቷን ሲያድናት የነበረው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ደን መካከል፣ ደረቅ መሬት ላይ ተጋድሞ ይታያል። ድመቷ ትጠጋውና ጭንቅላቷን ታሻሽበታለች። ስም መጻፍ ሲጀምር እኛ እንደ ልማዳችን ቴሌቪዥኑን ዘጋን። እትዬ ለቅሶ የደረሱ ይመስል ሻሻቸውን አዘቀዘቁ። ሐኪሙ ዓሣ ነባሪ ከውሃ ሲወጣ የገዛ ክብደቱ እንደሚገድለው ነገራቸውና ቡናውን በእጥፍ ሒሳብ ጠጣ። ፊልም ጫኙ ግን «አልሞተም» አለ። «ከስሙ ዝርዝር በኋላ ይታያል።»

«ስም ከተጻፈ በኋላ ፊልም የለም» አለ የባጃጁ ሾፌር፣ እንደ ሕግ አንቀጽ።

ተሰክቶ ታየ። በፒያሳ ታሪክ የፊልም ስም ዝርዝር ቁጭ ተብሎ እስከ መጨረሻው ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። የላትቪያው፣ የፈረንሳዩ፣ የቤልጅጉ ስም እየተንከባለለ ሲወጣ ሊስትሮው ሥራ ፈት መሆን አልወደደም፤ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ እያነበበ «ገብቷል… አልገባም… ሁለት ወር ቀርቶበታል» ይል ጀመር። እትዬ «የብርሃኑን ክፍል ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ፤ ያነበበላቸውን ስም መያዝ ግን አልቻሉም።

ከዚያ ባሕር መጣ። ከባሕሩም ዓሣ ነባሪው ጀርባውን አወጣ።

«ይኸው!» አለ ፊልም ጫኙ።

«እሱ አይደለም» አለ ሾፌሩ። «ልጁ ነው።»

«ነፍሱ ናት» አሉ እትዬ።

«ዓሣ ነባሪ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው» አለ አስጎብኚው፤ «እንደ ጭላዳ ደረቱ ላይ ምልክት የለውም።»

የኔታ ዮናስን ሊያነሡ ሲሉ ሊስትሮው አንድ ነገር ትዝ አለው። ዞር ብሎ ጋሼን አየ። ቤቱም ዞሮ ጋሼን አየ። እትዬ ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን እስከ ጣሪያው ጨመሩት።

ጋሼ አዳመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አዳመጡ። ስኒያቸውን አነሡ።

«እኔ የማውቀው ግመል ነው» አሉ። «ስለ ዓሣ የጎርጎራን ሰው ጠይቁ።»